ሥነ ፍጥረትና ማየ አይኅ፦ የጥንት አይሁድ አተረጓጐምና የግዕዝ መጻሕፍት

የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ምዕራፎች አጫጭር ናቸው፤ የሚያስነሡት ጥያቄ ግን ብዙ ነው። ብርሃን በመጀመሪያው ቀን ተፈጠረ፤ ፀሐይ ግን የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው። ሰው ሊፈጠር ሲል እግዚአብሔር በብዙ ቁጥር ይናገራል፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አልተጻፈም። መላእክት መቼ እንደ ተፈጠሩ አንድም ቃል የለም። አዳም ከዛፉ በበላበት ቀን እንደሚሞት ተነግሮት ሳለ 930 ዓመት ኖረ። ቃየን ሚስት እንዳገባ ይነገራል፤ ሚስቱ ከየት እንደ መጣች አይነገርም። በስድስተኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ ወዲያው የጥፋት ውኃ ታወጀ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አልተብራራም።

የአይሁድ ሊቃውንት ከ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አንሥቶ እስከ 5ኛውና 6ኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት ድረስ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ብዙ ደክመዋል። መልሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ታሪኩን እንደገና ጽፈው መልሱን በትረካው ውስጥ አስገቡት። አንዳንዶቹ በግሪክ ፍልስፍና ፈቱት። ሌሎቹ ደግሞ በየቃሉ እየተከራከሩ የየመምህሩን አሳብ ጐን ለጐን አስቀመጡ። ከሁሉም ቀዳሚ ከሆኑት ሥራዎች ሁለቱ፣ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ዛሬ ሙሉ ሆነው የሚገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ጥናት ትልቁ ክፍል የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያን መጻሕፍቱ የተቀመጡባት ዕቃ ቤት አድርጎ ማየት ግን አይበቃም። የአገሪቱ ሊቃውንት መጻሕፍቱን ጠብቀው ብቻ አልቀሩም፤ አንብበዋቸዋል፤ የወደዱትን በሥርዓትና በትምህርት ውስጥ አኑረው፣ ያልተስማሙበትን በሌላ ትርጓሜ አልፈውታል።

ሁለቱ መጻሕፍት

መጽሐፈ ሄኖክ 108 ምዕራፎች ሲኖሩት አምስት የተለያዩ ድርሰቶች የተገጣጠሙበት ነው። የትጉሃን መጽሐፍ የሚባለው የመጀመሪያው ክፍል (ከምዕራፍ 1 እስከ 36) የመላእክትን መውረድ ይተርካል። ሁለተኛው ክፍል (37–71) ምሳሌዎችን፣ ሦስተኛው (72–82) የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ፣ አራተኛው (83–90) ሕልሞችን፣ የመጨረሻው ምክርንና ተግሣጽን ይዟል። የብርሃናቱ መጽሐፍ የሚባለው ሦስተኛው ክፍልና የትጉሃን መጽሐፍ በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ በአራማይክ እንደ ተጻፉ ይታመናል።

መጽሐፈ ኩፋሌ 50 ምዕራፎች አሉት። በ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት መካከል ገደማ በዕብራይስጥ ተጻፈ። ትረካው የሚጀምረው በሲና ተራራ ነው፤ የገጹ መልአክ ከፍጥረት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ለሙሴ እየነገረ ያስጽፈዋል። ዘመኑን ሁሉ በሰባት ዓመት ሱባዔና በ49 ዓመት ኢዮቤልዩ ይከፍላል። የኦሪትን ታሪክ ሳይለቅ ይከተላል፤ ክፍተት ባገኘበት ግን ይሞላል፤ አስቸጋሪ ቃል ሲያጋጥመው ያለሰልሳል ወይም ይዘለዋል። ሰው ሊፈጠር ሲል እግዚአብሔር በብዙ ቁጥር የተናገረበትን ቃል ለምሳሌ ጨርሶ አላነሣውም። የመጽሐፉ ዋና ዓላማ ለሙሴ የተሰጠው ሕግ አዲስ እንዳልሆነ ማስረዳት ነው፤ ሰንበትም፣ በዓላትም፣ የንጽሕና ሥርዓትም ከሲና በፊት በሰማይና በአበው ዘንድ ይጠበቁ ነበር ይላል።

ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት

ስለ ፍጥረት በጣም ግልጽ የሆነው መልስ የሚገኘው በኩፋሌ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። በስድስቱ ቀናት 22 ዓይነት ሥራ ተሠራ ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን ሰባት፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው አራት፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው ሦስት፣ በስድስተኛው አራት። ቁጥሩ ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት 22 ትውልዶች ጋር ተያይዟል፤ ሰባተኛው ቀን እንደ ተቀደሰ የያዕቆብም ዘር ተቀደሰ ለማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ሰባት ሥራዎች አንዱ መላእክት ናቸው፤ የእሳት፣ የነፋስ፣ የደመና፣ የበረዶ፣ የነጐድጓድና የየወቅቱ መላእክት ተዘርዝረዋል። ታላላቆቹ መላእክት ከእግዚአብሔር ጋር በሰማይ ሰንበትን ያከብሩ ነበር፤ እስራኤል የታዘዘው ከእነርሱ ጋር አብሮ እንዲያከብር ነው።

የአብነት ተማሪም ሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በኢትዮጵያ ሥነ ፍጥረትን ሲማር ይህንኑ ቁጥር ያገኘዋል፤ አከፋፈሉ ግን ጥቂት ይለያል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እሑድ ስምንት ፍጥረታት ተፈጠሩ፤ አራቱ ባሕርያት ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ ከእነርሱም ጋር ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን። ሰኞ ጠፈር ብቻ ተፈጠረ። ማክሰኞ አትክልት፣ አዝርእትና ዕፅዋት፤ ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት። ሐሙስ ከውኃ የተገኙት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ ናቸው። ዓርብ እነዚሁ ሦስቱ ከየብስ ተገኙ፤ በአራተኛነትም ሰው ተፈጠረ። ድምሩ 22 ነው። ከኩፋሌ ጋር ሲተያይ በእሑድ አንድ ተጨምሯል፤ ከማክሰኞ አንድ ተቀንሷል። ልዩነቱን ያመጣው የአራቱ ባሕርያት ትምህርት ነው። ኩፋሌ ሰማይን፣ ምድርን፣ ውኃንና ጥልቆችን ሲቈጥር የኋላው ትምህርት የቆየውን የግሪክ ፍልስፍና አከፋፈል ተከትሎ ከእሳትና ከነፋስ ይነሣል። ጠቅላላው ቁጥር ግን አልተነካም፤ ይህም ሊቃውንቱ የወረሱትን ቁጥር በምን ያህል ጥንቃቄ እንደ ያዙት ያሳያል።

በመላእክት ቀን ላይ የአይሁድ መምህራን በኋላ ዘመን ሌላ መንገድ ያዙ። በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሰበሰበው የዘፍጥረት ሐተታ፣ በሬሺት ራባ፣ ረቢ ዮሐናን መላእክት በሁለተኛው ቀን ተፈጠሩ እንዳለ፣ ረቢ ሐኒና ደግሞ በአምስተኛው ቀን እንዳለ ይመዘግባል። ሁለቱ ቢለያዩም በመጀመሪያው ቀን አልተፈጠሩም በሚለው ይስማማሉ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ሚካኤል በደቡብ፣ ገብርኤል በሰሜን ቆመው ሰማይን ዘረጉ የሚል ሰው እንዳይነሣ ነው። የኢትዮጵያ ትምህርት በዚህ ነጥብ ከኩፋሌ ጋር ቆሟል፤ መላእክት እሑድ ተፈጥረዋል። ረቢዎቹ የፈሩት ጥያቄ ግን እዚህም ተነሥቷል፤ የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት መላእክት ተፈጥረው ፈጣሪያቸውን ገና ሳያዩ ሳጥናኤል ፈጣሪ እኔ ነኝ አለ፤ ቅዱስ ገብርኤል ጸንተው እንዲጠብቁ መላእክቱን አረጋጋ፤ ሳጥናኤልም ወደቀ። አንዱ ወገን ቀኑን በማዘግየት የዘጋውን በር ሌላው ቀኑን ሳይነካ በትረካ ዘግቶታል።

ሌላው የኩፋሌ መልስ የገነትን ጊዜ ይመለከታል። አዳም ከተፈጠረ በኋላ ወደ ገነት የገባው በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ነው። መጽሐፉ ይህን የሚለው ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እስክትነጻ እንድትቆይ የሚያዘውን የኦሪት ዘሌዋውያን 12ኛ ምዕራፍ ከፍጥረት ጋር ለማያያዝ ነው፤ ገነት እንደ መቅደስ ስለሆነ ሰው ሳይነጻ አይገባበትም። ይህ አንቀጽ በኢትዮጵያ ከመጽሐፍ ወጥቶ የኑሮ ሥርዓት ሆኗል። ለምሳሌ ክርስትና በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ወደ ካፋ ገብቷል፤ ዛሬም በዚያው በቦንጋም ሆነ በዋጫ ያለ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጁን በ40 ቀን፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል። ኩፋሌን ገልጦ ያላነበበ ወላጅ እንኳ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ የሚለውን ምክንያት ከካህኑ ይሰማል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የአይሁድ ትርጓሜ ከየትኛውም የጥናት ማዕከል ይልቅ በዚህ የክርስትና ዕለት ሕያው ነው ማለት ይቻላል። በቤተ እስራኤልም ዘንድ ወንድ የወለደች እናት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር።

የቀሩትን ጥያቄዎች ኩፋሌ በአጭሩ ይመልሳቸዋል። ቃየን ያገባት እኅቱን አዋንን ነው፤ የኖኅ ሚስት እምዛራ ትባላለች። እንስሳት አዳም ከገነት እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ይናገሩ ነበር። አዳም በበላበት ቀን ሞቷል፤ ምክንያቱም ሺህ ዓመት በሰማይ እንደ አንድ ቀን ነው፤ አዳም ለሺህ ዓመት 70 ሲቀረው ሞተ። አቤልን በድንጋይ የገደለው ቃየንም ቤቱ ተደርምሶበት በድንጋይ ሞተ።

ማየ አይኅ ለምን መጣ?

የጥፋት ውኃን ምክንያት በተመለከተ የሄኖክ መልስ በጥንቱ ዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። ትጉሃን የሚባሉ 200 መላእክት በሰምያዛ መሪነት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ፤ በመሐላ ተሳስረው ሴቶችን አገቡ፤ ግዙፋን ልጆች ተወለዱ። ግዙፋኑ የሰውን ድካም ሁሉ በልተው ሲጨርሱ ሰውን መብላት ጀመሩ፤ ምድርም ጮኸች። ከጋብቻው ባልተናነሰ ጥፋቱን ያመጣው ትምህርቱ ነው። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ የብረት ሥራን፣ አምባርን፣ ዓይን መኳልን፣ የከበሩ ድንጋዮችንና ቀለማትን አስተማረ። ሌሎቹ ድግምትንና ሥር መማስን፣ ኮከብ መቍጠርንና የጨረቃን ምልክት ገለጡ። ከዚያም ሩፋኤል አዛዝኤልን አስሮ በዱዳኤል በረሃ ጣለው፤ ገብርኤል ግዙፋኑን እርስ በርሳቸው እንዲፋጁ አደረገ፤ ሚካኤል ሰምያዛንና ጓደኞቹን ለ70 ትውልድ በምድር ሸለቆዎች አሰራቸው። ከሞቱት ግዙፋን ሥጋ የወጡት ነፍሳት ርኩሳን መናፍስት ሆነው በምድር ቀሩ። በዚህ አነጋገር ክፋት ከሰው አልጀመረም፤ ከሰማይ የመጣ ነው።

ኩፋሌ ይህን ታሪክ ተቀብሎ በሦስት ቦታ አስተካክሎታል። መላእክቱ መጀመሪያ የወረዱት ለክፋት ሳይሆን ለሰው ልጆች ፍርድንና ቅን ነገርን እንዲያስተምሩ ተልከው ነው፤ ስለዚህ ክፋት በሰማይ አልተጠነሰሰም። ከውኃው በኋላ ርኩሳን መናፍስት የኖኅን ልጆች ሲያስጨንቁ ኖኅ ጸለየ፤ ሁሉም እንዲታሰሩ ታዘዘ። አለቃቸው መስቴማ ለምኖ ከአሥር አንዱ እጅ ቀረለት፤ ዘጠኙ እጅ ታሰረ። ሦስተኛው ማስተካከያ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። መላእክት መናፍስቱ የሚያመጡትን በሽታ በምድር ዕፅዋት እንዴት እንደሚፈውስ ለኖኅ አስተማሩት፤ ኖኅም መድኃኒቱን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፎ ለሴም ሰጠው። በሄኖክ ሥር መማስ ከወደቁት መላእክት የመጣ ክፉ ጥበብ ነው፤ በኩፋሌ ዕፅዋትን ማወቅ ከቅዱሳን መላእክት የተሰጠ ምሕረት ነው። ሁለቱም በአንድ የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ የኢትዮጵያ አንባቢ ሁለቱንም ወርሷል፤ መድኃኒተኛ ደብተራ በአንድ በኩል እየተከበረ በሌላው እየተፈራ የኖረበት አገር ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በሄኖክ መጨረሻ ምዕራፎች (106–107) የኖኅ ልደት ተጽፏል። ሕፃኑ እንደ በረዶ የነጣ፣ እንደ ጽጌረዳም የቀላ ነበር፤ ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱ እንደ ፀሐይ በራ። አባቱ ላሜሕ ልጁ ከመላእክት የተወለደ መስሎት ደነገጠ፤ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ፤ ማቱሳላም ወደ አባቱ ወደ ሄኖክ እስከ ምድር ዳርቻ ሄደ። ልጁ የላሜሕ እንደ ሆነና ከሚመጣው ጥፋት እንደሚተርፍ ሄኖክ አረጋገጠ። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን የተገኘው ዘፍጥረትን እንደገና የሚተርክ የአራማይክ ጥቅልል ይኸንኑ ታሪክ ከእናቲቱ በኩል ያሳየዋል፤ ቢተኖሽ የምትባለው የላሜሕ ሚስት እያለቀሰች ፅንሱ የባሏ እንደ ሆነ ትምልለታለች። ጸሐፊዎቹ ኖኅ በትውልዱ ውስጥ ለምን ብቻውን ንጹሕ ሆኖ እንደ ተገኘ ለማስረዳት ከልደቱ ጀምረዋል።

የውኃው ቀናት

የጥፋት ውኃ ታሪክ በቀንና በወር የተሞላ ስለሆነ የአቈጣጠር ክርክር መድረክ ሆነ። ሄኖክና ኩፋሌ ዓመት 364 ቀን ነው ይላሉ፤ ልክ 52 ሳምንት፣ አራት ወቅት፣ በየወቅቱ 13 ሳምንት። በዚህ አቈጣጠር በዓል ሁሉ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት የሳምንት ቀን ይውላል። ኩፋሌ የአራቱን ወቅቶች መጀመሪያ ከኖኅ ጋር ያያይዛል፤ መርከቡን እንዲሠራ የታዘዘበት፣ የጥልቅ አፎች የተዘጉበት፣ ውኃው መውረድ የጀመረበትና የተራሮች ራስ የታየበት ዕለት መታሰቢያ ናቸው። ጨረቃን ተከትሎ የሚቈጥር በየዓመቱ አሥር ቀን እየሳተ በዓላቱን ያበላሻል ብሎ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ሰባት የሰማይ መስኮቶችና ሰባት የጥልቅ አፎች ተከፍተው ውኃው እንደ ፈሰሰ፣ መርከቡም ከአራራት ተራሮች አንዱ በሆነው በሉባር ላይ እንዳረፈ ይናገራል።

በኦሪት ውኃው በሁለተኛው ወር በ17ኛው ቀን ጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት በሁለተኛው ወር በ27ኛው ቀን ምድር ደረቀች። አሥሩ ትርፍ ቀናት ለምን? በኩምራን የተገኘ አንድ አጭር የዘፍጥረት ማብራሪያ ውኃው በ17ኛው ቀን እሑድ ጀምሮ በዓመቱ በ17ኛው ቀን እሑድ ኖኅ ወጣ ይላል፤ ልክ 364 ቀን። ኩፋሌ ሁለቱንም ቀናት ይይዛል፤ በ17ኛው ምድር ደረቀች፣ በ27ኛው መርከቡ ተከፈተ። ረቢዎቹ በበኩላቸው ዓመቱ የጨረቃ እንደ ሆነና 17ኛው ቀን ራሱ ሲቈጠር 11 የሚሆኑት ትርፍ ቀናት የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ዓመት ላይ ያለው ብልጫ መሆናቸውን ያስተምራሉ።

የዘመኑ ቍጥርም እንዲሁ ይለያያል። በዕብራይስጡ ዘፍጥረት ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ 1656 ዓመት፣ በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም 2242፣ በሳምራውያን ኦሪት 1307፣ በኩፋሌ 1308 ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት የሚለው የኢትዮጵያ የዓመተ ዓለም አቈጣጠር የሚቆመው በረጅሙ የግሪክ ቍጥር ወገን ነው፤ ኩፋሌን የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል አድርጎ የተቀበለ ሕዝብ በዚህ ነጥብ አልተከተለውም። ዓመቱም ቢሆን 364 ቀን አልሆነም፤ ባሕረ ሐሳብ በ365 ከሩብ ይቈጥራል፤ ሄኖክ ስለ ፀሐይ መውጫና መግቢያ በሮች የጻፈው ግን በግዕዝ የሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

ከውኃው በኋላ የኖኅ ልጆች ምድርን በዕጣ ተካፈሉ። በኩፋሌ ስምንተኛ ምዕራፍ የሴም ዕጣ የምድር መካከል ነው፤ ገነትም፣ ሲናም፣ ጽዮንም በእርሱ ናቸው። የያፌት ምድር ቀዝቃዛ፣ የካም ሞቃት፣ የሴም ደግሞ ሙቀትና ብርድ የተቀላቀለበት ነው። የካም ዕጣ ከግዮን ማዶ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ግዮንን ዓባይ ነው ብሎ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህ አንቀጽ ሩቅ አገርን የሚገልጽ አልነበረም።

ፊሎንና ዮሴፍ

በእስክንድርያ የኖረው ፊሎን (ከ20 ቅድመ ልደት ገደማ እስከ 50 ድኅረ ልደት አካባቢ) ስድስቱን ቀናት የጊዜ ርዝመት አድርጎ አልቈጠራቸውም። እግዚአብሔር ሁሉን በአንድ ጊዜ ሊፈጥር ይችል ነበር፤ ስድስት የተባለው ሥርዓትን ለማመልከት ነው፤ ቁጥሩም ፍጹም ቁጥር ነው። የመርከቡን ልክ ደግሞ የሰው አካል አድርጎ ተረጐመው። 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ወርድ፣ 30 ክንድ ከፍታ ማለት ርዝመቱ የወርዱ ስድስት እጥፍ፣ የከፍታው አሥር እጥፍ ነው፤ የተጋደመ ሰው ልክም እንዲሁ ነው ይላል። የሂፖው አውግስጢኖስ በኋላ ይህን ልክ ወስዶ ለክርስቶስ ሥጋ ተረጐመው።

ፍላቪዮስ ዮሴፍ በ93 ወይም በ94 እ.ኤ.አ. በፈጸመው የአይሁድ ጥንታዊ ታሪክ የአዳም ልጅ የሴት ልጆች የሰማይን ዕውቀት በሁለት ዓምዶች፣ አንዱ በጡብ ሌላው በድንጋይ፣ እንደ ጻፉ ይተርካል፤ አዳም ዓለም በእሳትና በውኃ እንደምትጠፋ ስለተናገረ ከሁለቱ አንዱ እንዲተርፍ ነው። የባቢሎኑን ቤሮሶስን ጠቅሶም የመርከቡ ቅሬታ በአርሜንያ እንደሚታይ ጽፏል። ይህ የዓምድ ታሪክ ከኩፋሌ ስምንተኛ ምዕራፍ ጋር ቢተያይ ይጠቅማል። እዚያም ከውኃው የተረፈ ጽሕፈት አለ፤ ነገር ግን በድንጋይ ላይ የተቀረጸው የትጉሃን የኮከብ ትምህርት ነው፤ ያገኘው ቃይናን ቀድቶ በደለ፤ ኖኅን ፈርቶም ሸሸገው። ለዮሴፍ ከውኃው በፊት የነበረው ዕውቀት መዳን ያለበት ሀብት ነው፤ ለኩፋሌ ጸሐፊ ግን ከውኃው የተረፈ መርዝ ነው።

ረቢዎቹ

በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የፍጥረትን ነገር በሁለት ሰው ፊት ማስተማርን ይከለክላል፤ የጥፋት ውኃ ትውልድም በሚመጣው ዓለም ዕጣ ፈንታ የለውም ይላል። የሻማይና የሂሌል ቤቶች ሰማይ ቀደመ ወይስ ምድር በሚለው ተከራከሩ፤ ሌሎች ሊቃውንት አብረው ተፈጠሩ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ብርሃን አዳም ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያይበት የነበረ፣ በኋላ ለጻድቃን የተሰወረ ብርሃን ነው ብለው ከፀሐይ ለዩት።

ከሄኖክ የለያቸው ዋናው ነገር የመላእክቱ ጉዳይ ነው። ረቢ ስምዖን ባር ዮሐይ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት የዳኞች ልጆች ናቸው ብሎ ከመተርጐሙ በላይ ሌላ ትርጓሜ የሚሰጠውን ረገመ። በታልሙድ የጥፋት ውኃ ፍርድ የታተመው ሰዎች በመቀማማታቸው ነው። በደሉ ከመላእክት ወርዶ በሰው ጫንቃ ላይ አረፈ። ኖኅ በትውልዱ ጻድቅ ነበር በሚለው ቃል ረቢ ይሁዳ በዚያ ክፉ ትውልድ መካከል እንጂ በሙሴ ዘመን ቢሆን ጻድቅ ባልተባለ ነበር ሲል፣ ረቢ ነሕምያ በዚያ ትውልድ ውስጥ እንኳ ጻድቅ ከሆነ በሙሴ ዘመን ይበልጥ በሆነ ነበር ብሎ መለሰ። የወደቁት መላእክት ታሪክ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ በተጻፈው የረቢ ኤሊዔዘር ምዕራፎች እንደገና ብቅ ብሏል።

የግዕዙ ንባብ

ሄኖክና ኩፋሌ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሱ፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥም ገቡ። በሌላው የክርስትና ዓለም ግን ቦታቸው ጠበበ። የይሁዳ መልእክት ሄኖክን ይጠቅሳል፤ ተርቱሊያኖስ ኖኅ የቅድመ አያቱን ትምህርት ከቤተ ሰቡ ስለወረሰ መጽሐፉ ከውኃው በኋላ መኖሩ አያስደንቅም ብሎ ተሟገተለት፤ አውግስጢኖስ ግን በጥንታዊነቱ አላመነም። ግሪኩና ላቲኑ ቁርጥራጭ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መጽሐፉን ይዘው ዋናውን ትረካ ቃል በቃል አልተቀበሉም። በአንድምታ ትርጓሜ ከቃየን ሴቶች ልጆች ጋር የተጋቡት ደቂቀ ሴት ናቸው፤ በንጽሕናቸው ምክንያት መላእክት ተባሉ። መልአክ ሥጋ የለውም፤ አያገባም። ይህ አተረጓጐም በሦርያና በግሪክ አበው ዘንድ የተስፋፋ ሲሆን በገድለ አዳም ሰፊ ትረካ ሆኗል። በቅዱሱ ተራራ ይኖሩ የነበሩት የሴት ልጆች የቃየንን ልጆች የዘፈንና የመሣሪያ ድምፅ ሰምተው ወረዱ፤ ወደ ተራራውም መመለስ አልቻሉም። ኖኅም የአዳምን ሥጋ ከወርቅ፣ ከዕጣንና ከከርቤ ጋር በመርከቡ ይዞ ተሻገረ። የኢትዮጵያው አንድምታ መልስ ከረቢ ስምዖን መልስ ጋር በምክንያት ይቀራረባል፤ ሁለቱም መላእክትን ከበደሉ ነጻ አውጥተዋል። ረቢዎቹ ግን መጽሐፉን ጭምር ተዉት፤ የኢትዮጵያ መምህራን መጽሐፉን በመቅደስ አስቀምጠው በትርጓሜ አስተካከሉት። ሁለተኛው መንገድ ይከብዳል፤ ለታሪክ የጠቀመው ግን እርሱ ነው።

ቤተ እስራኤል ታልሙድንና የረቢዎችን ሐተታ ሳያውቁ በግዕዝ መጻሕፍት ኖረዋል። ትእዛዘ ሰንበት በሚባለው መጽሐፋቸው ሰንበት በሰማይ የምትከበርና የምትማልድ ሆና ትታያለች፤ ይህም መላእክት በሰማይ ሰንበትን ያከብራሉ ከሚለው የኩፋሌ አሳብ ጋር የሚሄድ ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. የጎበኛቸው ዮሴፍ ሃሌቪ ይህን መጽሐፍ በ1902 አሳትሞታል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. የሄኖክን ግልባጮች ከኢትዮጵያ ይዞ አውሮፓ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተረጐመው፤ በ1838 ግዕዙን አሳተመ። አውጉስት ዲልማን የሄኖክን ግዕዝ በ1851፣ የኩፋሌን በ1859 አወጣ። ከ1947 ጀምሮ በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት ጥቅልሎች ጥናቱን ለወጡት፤ የሄኖክ 11 የአራማይክ ቅጂዎችና 14 ያህል የኩፋሌ የዕብራይስጥ ቅጂዎች ቅሬታ ተገኘ። ተመራማሪው ሚሊክ የሄኖክን ቁርጥራጮች በ1976 አሳተመ። ኩፋሌን በተመለከተ ውጤቱ የግዕዙን ታማኝነት አረጋገጠ፤ ዕብራይስጡ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ግዕዙ ተቀራርቦ ይገኛል። በጄምስ ቫንደርካም የተዘጋጀው የኩፋሌ እትም በ1989 ወጣ። በሄኖክ ግን የብርሃናቱ ክፍል በአራማይክ ከግዕዙ እጅግ የሰፋ እንደ ነበር ታወቀ፤ ግዕዙ የያዘው አጭሩን ነው። አዛዝኤልን፣ ሰምያዛንና ግዙፋኑን የሚመለከት ሌላ ድርሰትም እዚያው ተገኝቷል፤ ከግዙፋኑ መካከል ጊልጋሜሽ የሚባል ስም አለ፤ ይህም ጸሐፊዎቹ የባቢሎንን የጥፋት ውኃ ታሪክ ጀግኖች ያውቁ እንደ ነበር ያመለክታል።

ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎች ክፍል በኩምራን አንድም ቁራጭ አልተገኘለትም፤ በግሪክም የለም። ኖኅ ምድር ዘንበል ብላ ጥፋቷ መቅረቡን አይቶ ወደ ሄኖክ የጮኸበት፣ መላእክት የመርከቡን እንጨት እንደሚያዘጋጁ የተነገረበት ትረካ የሚገኘው በዚህ ክፍል ነው። ጥንታዊነቱን በተመለከተ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት ጥቂት በፊትና ጥቂት በኋላ ባለው ጊዜ መካከል ይለያያሉ። ለዚህ ክፍል ያለው ምስክር የግዕዙ ብራና ብቻ ነው፤ ከቀደምቶቹ አንዱ በጣና ሐይቅ በክብራን ገብርኤል የሚገኘው የ15ኛው መቶ ዓመት ቅጂ ነው።